ጥቁሩ ገመድ

አጎቴ መኪናችንን ሊወስድ የመጣ ጠዋት እኔ ወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ ቆሜ የተሰነጠቀውን እንቁላል ከደህናው እለይ ነበር። አባቴ እንቁላል አከፋፋይ ነበር፤ ከእርባታ ተረክቦ ለሱቆችና ለዳቦ ቤቶች ያደርሳል። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በተማርኩበት ሥራ ሳጣ አብሬው መዞር ጀመርኩ፤ ዓይኑ ሲደክም ደግሞ መሪውን ያዝኩ። እሱ ከተቀበረ ወዲህ የእንቁላሉ ሳጥን ኮሪደሩ ላይ ተደርድሮ ሰው በጎኑ ነበር የሚያልፈው።

አጎቴ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ በግቢው በር ገባ። እናቴን በአንገቱ ሰላም አላት። እኔን አላየኝም፣ ወይም ያላየኝ መሰለ። መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ቢያዞር ድምፅ የለም፣ መብራት የለም። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ባትሪው ላይ ከሚያያዙት ሁለት ገመዶች አንዱ፣ ጥቁሩ፣ ተፈትቶ ጎን ላይ ተኝቷል፤ ጫፉም በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሏል።

አጎቴ ሳቀ።

«ወይ እነዚህ ሰዎች» አለ፣ በራችን ላይ ማሽኑን ዘርግቶ የሚውለው ልብስ ሰፊ እንዲሰማው አድርጎ። «ሞርሴቶውን እንኳ ሳያስሩት ነው እኮ ያቆሟት። ወንድሜ በዚህች መኪና ሲለፋ የኖረው ለካ የሚያጠብቅለት ሰው አጥቶ ነው።»

ሞርሴቶ የገመዱን ጫፍ ከባትሪው ራስ ጋር የሚያይዘው ማሰሪያ ነው።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ማታ ማታ…» አለ ልብስ ሰፊው፣ መርፌውን ከከንፈሩ መሐል አውጥቶ።

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ።»

ጨርቁን አውልቆ ጣለው። ሞርሴቶውን ባትሪው ላይ አጥልቆ የአንገቱ ሥር እስኪገተር በመፍቻ አጠበቀው። «አሁን ማንም አይፈታትም» አለ። መኪናዋ በአንድ ጊዜ ተነሳች። ጥሩንባ ነፍቶልን ወጣ።

በእጄ የያዝኩትን እንቁላል የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ። አጎቴ እንደዋሸ ያወቅሁት በዚያች ደቂቃ ነው።

አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። በወጣትነታቸው እኔ በማላውቀው ነገር ተጣልተው ዕድሜውን ሌላ ከተማ ነው የኖረው። አባቴ አልጋ ላይ ሲውል ተመልሶ መጣና ከመንገዱ ማዶ፣ ከወጥ ቤታችን መስኮት ትይዩ ቤት ተከራየ። በመጨረሻው ቀን እናቴ መድኃኒት ፍለጋ፣ እኔ ደግሞ ቅርብ ያለውን ሐኪም ልጠራ ስንወጣ አባቴ አጠገብ የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ስንመለስ አባቴ የለም። የመኪናዋም ቁልፍ ከራስጌው ላይ የለም።

ዘመድ በተሰበሰበበት አጎቴ ተነስቶ «መኪናዋን ላንተ ትቼልሃለሁ ብሎኛል፤ ብዋሽ የወንድሜ አጥንት ይፋረደኝ» ብሎ ማለ። የሁለቱም ታላቅ የሆኑት ትልቋ አክስቴ በቤተሰባችን የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት ናቸው። «እንግዲህ የሟች ቃል አይታጠፍም» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ ሰው ሲበዛ ጉሮሮዬ ይዘጋል። ያን ቀንም ተዘጋ።

አባቴ «አሮጊቷ ያንቺ ናት» ይለኝ ነበር። አሮጊቷ የሚላት መኪናዋን ነው። ግን ሁልጊዜ እየሳቀ ነው የሚለኝ፤ ሰው ፊት ብሎት አያውቅም። ስለዚህ ከዚያ ስብሰባ በኋላ በሐሳብ ተያዝኩ። ምናልባት በመጨረሻዋ ሰዓት ልቡ ተለውጦ ቢሆንስ? ለሴት ልጅ አሮጌ መኪና ምን ይሠራላታል ብሎ ቢሆንስ? መኪናዋን ማጣቱ እንጀራዬን ማጣት ነው፤ እሱ ይቻላል። አባቴ መርጦ እኔን ትቶኝ ከሆነ ግን ያን እንዴት እንደምችለው አላውቅም ነበር።

ጨርቁ መሬት ላይ ሲወድቅ ያ ሐሳብ አብሮ ወደቀ።

ምክንያቱም አባቴ ያችን መኪና ንግግር ሳያደርግ ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። የቸኮለ ቢሆን፣ ለቅሶ የሚሄድ ቢሆን፣ ሚስቱን ምጥ የያዛት ቢሆን፣ ቁልፉን ከመቀበሉ በፊት ኮፈኑ ሥር ቆሞ ይሰማል። «ማታ ስታቆማት ጥቁሩን ገመድ ፍታ። የሆነ ቦታ ኤሌትሪክ የሚሰርቅ ሽቦ አላት፤ ፈልጌ አጣሁት። ሌባውን ካላገኘህ በሩን ዝጋበት። ጥቁሩ ታስሮ እያለ ቀዩን አትንካ፤ መፍቻው ብረቱን ከነካ ይበላሃል። ስትፈታ ጥቁሩ መጀመሪያ፣ ስታስር ጥቁሩ መጨረሻ። ልክ ያዝ ታደርገዋለህ እንጂ አትታገለውም፤ የባትሪው ራስ እርሳስ ነው፣ ይሰነጠቃል። ውሃ ሲጎድል የባትሪ ውሃ እንጂ አሲድ እንዳትጨምር።» ከዚያ ያስደግማቸዋል። ትልልቅ ሰዎች እንደ ተማሪ «ጥቁሩ መጀመሪያ» እያሉ ሲደግሙ አይቻለሁ። ሰፈሩ በሙሉ ይስቅበት ነበር። የዚያን ንግግር ያልሰማ ዘመድ ቢኖር አንድ ሰው ነው፤ ዕድሜውን ርቆ የኖረው አጎቴ።

አባቴ መኪናዋን በእርግጥ ሰጥቶት ቢሆን፣ ለአንድ ቃል ብቻ የሚበቃ ትንፋሽ ቢቀረው እንኳ ቃሉ «ጥቁሩን» ነበር የሚሆነው።

እናቴ እንቁላል ልትሸጥ በር ላይ ተቀምጣ ነበር። ሄጄ አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

«እማ፣ ጥቁሩን አሰረው።»

«አየሁት።»

«ማታ አይፈታውም። አያውቅማ።»

እናቴ ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። ነገሩ እኔ ጋ እንደ ደረሰው እሷም ጋ ሲደርስ ከዓይኗ ላይ አነበብኩት።

«ለአክስቴ ልንገራቸው?» አልኳት።

«ምን ብለሽ? ገመድ አሰረና ውሸታም ነው ልትይ ነው? ገና አፍሽን ስትከፍቺ ‹ነግሮኝ ነበር፣ ረስቼው ነው› ይላል። በነጋታው ፈትቶ ያድራል። አበቃ፤ አስተማርሽው ማለት ነው።» ነጠላዋን አጣፋችና «ተይው ይሰር። ዝም አይነቅዝም» አለች።

ይህን ያለችው በሕይወቷ ዝም ብላ የማታውቀው እናቴ ናት።

በነጋታው መኪናዋ ተነሳች። አጎቴ የአባቴን ዳቦ ቤቶች ዞሮ «ከእንግዲህ እንቁላል የማመጣው እኔ ነኝ» እንዳላቸው ሰማን። በማግስቱ ጉንፋን እንደያዘው ሰው አጉረምርማ፣ አጉረምርማ በግድ ተነሳች። ቀጥሎ በመጣው ጠዋት ግን «ጠቅ» ብላ ዝም አለች።

እኔ ከዚያ ወዲህ ከሁሉም ቀድሜ እነሳ ጀመር። ሻይ ቀድቼ መስኮቱ አጠገብ እቆማለሁ። የማዶው በር ይከፈታል፤ አጎቴ ጸጉሩን አበጥሮ፣ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይወጣል፤ ይገባል፤ ቁልፉን ያዞራል። ጠቅ። ትንሽ ይጠብቃል። ጠቅ። ከዚያ ግንባሩን መሪው ላይ ያስደግፋል። ሻዬን የምጠጣው ይህን ጊዜ ነው። እናቴም ከኋላዬ መጥታ በትከሻዬ ላይ ታያለች። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለውን ተረት ለጎረቤት ስትተርት ነበር የማውቃት፤ አሁን ጸሎቷን አቋርጣ ነው የምትመጣው።

አጎቴ በጎረቤት መኪና ኬብል እየለመነ ማስነሳት ጀመረ። ኬብል የሚያውሱት ሰዎች ሁሉ አባቴ ንግግር ያደረገላቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና እኮ ማታ…» ይላል አንዱ።

«አውቃለሁ። ባትሪው ነው ያረጀ።»

«አይ፣ ማለቴ ጥቁሩ ገመድ…»

«ገመዱን አትንካብኝ፤ በደንብ አጥብቄዋለሁ። አውቃለሁ ስልህ።»

ሰውየው ትከሻውን ነቅንቆ ይሄዳል። እንዲህ እንዲህ ሲል የሰፈሩ ሰው መናገሩን ተወ። ልብስ ሰፊው ስም አወጣለት፤ «አውቃለሁ» ብሎ። «አውቃለሁ ዛሬም ቆሟል» ይለኛል ሳልፍ፣ ቀና ሳይል። አንድ ቀን ግን ማሽኑን አቁሞ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔ ሳስበው» አለኝ፣ «አባትሽ ለእኔ፣ አንድ ቀን ጨርቅ ላመጣ ብዋሳት፣ ሦስቴ አስደግሞኛል። ለእሱ አንዴም አላስደገመውም?»

ወደ ማዶዋ መኪና አየሁ።

«እኔም እንደሱ ነው ያሰብኩት» አለና ማሽኑን ቀጠለ።

ያን ጊዜ ነው በቀሌ ከእኔ እጅ ወጥቶ መንገድ ላይ መሄድ እንደ ጀመረ የገባኝ።

አጎቴ ባትሪው የጎደለው አሲድ ነው ብሎ ወሰነ። ገዝቶ እስከ አፉ ሞላው። መኪናዋ በኬብል ተነስታ ጥቂት እንደሄደች አሲዱ ገንፍሎ የባትሪውን መቀመጫ ቀለም በላው፤ የገመዶቹ ጫፍም ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ዝገት አበቀለ። እኔ ይህን ዝገት በየሳምንቱ መጨረሻ ሙቅ ውሃና ቤኪንግ ሶዳ አፍስሼ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አነሳው፣ አድርቄም ግራሶ እቀባው ነበር። ከሩቅ ሳየው እጄን በላኝ። ለመኪናዋ አዘንኩላት እንጂ ለእሱ አላዘንኩም።

ከዚያ አዲስ ባትሪ ገዛ። አሮጌውን ሲያወጣ ቀዩን ነበር መጀመሪያ የፈታው። መፍቻው ከቀዩ ላይ ሳይነሳ ጫፉ የመኪናዋን ብረት ነካ፤ እንደ ብየዳ ብልጭ አለና አጎቴ ወደ ኋላ ዘልሎ አጥሩ ላይ ተለጠፈ። መፍቻው ጫፉ ተበልቶ ቀረ።

«ደህና ነዎት ጋሼ?» ብሎ ጮኸ ልብስ ሰፊው ከማዶ።

«ደህና ነኝ። የማውቀው ነገር ነው።»

አዲሱ ባትሪም እንደ አሮጌው ሆነ። መኪናዋን ጋራዥ አስጎትቶ ወሰደ። መካኒኮቹ ሊመረምሩ ሲሉ «ምርመራ አያስፈልግም፣ ዲናሞው ነው፣ ቀይሩልኝ» ብሎ አስቀየራቸው። ዲናሞው ደህና ነበር። ዳቦ ጋጋሪው እንቁላል ሲጠብቅ ሊጡ አመለጠውና አንድ ጠዋት ራሱ በእግሩ መጥቶ ከእናቴ ወሰደ። «የአባትሽ እንቁላል ከዳቦው ቀድሞ ነበር የሚደርሰው» አለኝ ሲወጣ፤ ሌላ አላለም።

አጎቴ አንዴ ብቻ ወደ እኔ መጣ። ውሃ መያዣ ባልዲ ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ወላጆቼ ያስተማሩኝ እንደዚያ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ይቺ መኪና አባትሽ እያለ እንዲህ ታደርግ ነበር?»

«አንድ ጠዋትም አስቸግራ አታውቅም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ነካት?»

ጥያቄው ይህ ነበር። ደረሰ። ተጨማሪ አንድ ቃል ቢጨምርበት፣ «ንገሪኝ» ቢለኝ፣ ምን እንደማደርግ ዛሬም አላውቅም።

«ጋሼ ያውቁ የለም እንዴ?» አልኩት።

ዓይኑን አጠበበ። ሳቅ ይፈልግ ነበር ፊቴ ላይ፤ አላገኘም። «አውቃለሁ እንጂ» አለና ሄደ።

የከበደኝ የሚስቱ መምጣት ነው። የአጎቴ ሚስት ደግ ሴት ናቸው። አባቴን በሕመሙ አጥበውልናል፣ ልብሱን ተኩሰውልናል። አንድ ከሰዓት ኮሪደሩ ላይ የእንቁላል ሳጥኖቹ መሐል ቆመው እጄን ያዙ።

«ልጄ፣ ለእሱ ብለሽ አይደለም፣ ለእኔ ብለሽ። እንቅልፍ አጣ። እንደ ሰው አይበላም። መኪናዋ ምን እንደሆነች የምታውቂ ከሆነ…»

«አውቃለሁ» አልኳቸው። ከአፌ ሲወጣ ቃሉ የእሱ እንደሆነ ታወቀኝ፤ ግን በእኔ አፍ እውነት ነበር። «ጋሼ ራሳቸው ይምጡና ይጠይቁኝ። አባባ ምን እንዳላቸው አብረው ይንገሩኝና እነግራቸዋለሁ።»

እጄን ለቀቁ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ሞኝ አይደሉም።

«እሱ?» አሉ በመጨረሻ። «እሱ መንገድ ቢጠፋበት እንኳ ሰው አይጠይቅም። ሲዞር ይመሽበታል እንጂ።»

ደረጃውን ሲወርዱ ጉልበታቸውን እየያዙ ነበር። ልጠራቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የተወጋ ሰው ግን አንዳንዴ አጠገቡ የቆመውንም ይወጋል፤ ያንን የሚናገር ተረት አላገኘሁለትም።

አጎቴ ወደ እኔ አልመጣም። ወደ ትልቋ አክስቴ ሄደ። መኪናዋ ላይ አንድ ነገር አድርጋለች ብሎ ከሰሰኝ፤ ሽቦ ቆርጣ ይሆናል፣ ባትሪው ውስጥ ጨው ጨምራ ይሆናል፣ ደግሞም አይኗ ደግ አይደለም አለ። አክስቴም ሁላችንንም ሰበሰቡን፤ ወደ ቤታቸው ግን አልጠሩንም፣ ራሳቸው ወደ እኛ ግቢ መጡ። ከእሳቸው ጋር የአባቴ የአጎት ልጅ፣ አናጺው፣ ነበር። አክስቴ የእናቴን ወንበር ወስደው ጥላው ሥር ተቀመጡ፤ ልብስ ሰፊውም ማሽኑን ትቶ ሳይጠራ በሩን ተደግፎ ቆመ። የማዶው መኪና ኮፈኗን ከፍታ ታየናለች።

«ልጄ፣ ወዲህ ቅረቢ» አሉኝ አክስቴ። «መኪናዋን ነክተሻል?»

ወደ ጥላው ቀረብኩ።

«ከሄደች ወዲህ ምንም አላደረግሁላትም፣ አክስቴ። ችግሯም እሱ ነው።»

«ይኸው» አለ አጎቴ። «ይኸው በራሷ አፍ። ችግሯን ታውቃለች። ጠንቁ እሷ ባትሆን እንዴት ታውቃለች?»

«ቆይ አንተ» አሉት አክስቴ። «እስኪ አንተን ልጠይቅህ። ወንድምህ ቁልፉን ሲሰጥህ ምን አለህ?»

«ያልኩትን ነው፣ እትዬ። መኪናዋ ያንተ ናት፣ ተጠቀምባት አለኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ይላል፣ በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው?»

አክስቴ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «የባሌ እህት የሞተች ጊዜ» አሉ፣ «ልቀብር ልሄድ መኪናዋን ብለምነው ያ ወንድሜ ኮፈኑ ሥር አቁሞኝ፣ እያለቀስኩ፣ ስለ ገመድ አስተማረኝ። በእንባዬ መሐል ነው ያስደገመኝ። ቀብሩ ሊያመልጠኝ ነበር።»

አናጺው ሳቀ። «እኔን ጣውላ ጭኜ እንኳ አስወርዶኛል። ስትፈታ ጥቁሩ መጀመሪያ…»

«ስታስር ጥቁሩ መጨረሻ» አለ ልብስ ሰፊው ከበሩ።

«ሌባውን ካላገኘህ በሩን ዝጋበት» አለች እናቴ።

ሁሉም ሳቁ፤ ሳቁ የአባቴ ነበርና እኔም ትንሽ ፈገግ አልኩ። ከዚያ ሳቁ አንድ በአንድ ጠፋ። አናጺው ወደ አጎቴ ዞረ። ልብስ ሰፊውም ዞረ። የአጎቴ ሚስት ብቻ መሬት ያያሉ።

«አውቃለሁ» አለ አጎቴ። «ለእኔም ብሎኛል፣ ያንኑ ነው ያለኝ። ሕመም ላይ ነበርና ባጭሩ።»

«ባጭሩ ምን አለህ?» አሉ አክስቴ።

«ስለ ገመዱ ነዋ።»

«ገመዱን ምን አድርግ አለህ?»

አጎቴ ማዶ ወዳለችው መኪና አየ። እዚያ የሚነበብ ነገር ያለ ይመስል ቆይቶ አየ።

«ጥቁሩን… በደንብ አጥብቅ። እንዳይፈታ።»

አናጺውና ልብስ ሰፊው ተያዩ።

«አስቀምጥ ቁልፉን» አሉ አክስቴ።

«እትዬ፣ እኔ የወንድሜ…»

«አጥንቱን አትጥራ። አንዴ ጠርተኸዋል። አስቀምጥ።»

አጎቴ ቁልፉን የአናጺው ወንበር ጠርዝ ላይ አኖረው። አናጺው አንስቶ ለእኔ ሰጠኝ። ሞቆ ነበር፤ አጎቴ በመዳፉ ሲያፍነው ነው የቆየው።

ይህ ይበቃኛል ብዬ ነበር ለራሴ። አልበቃኝም። ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ጉሮሮዬ ምንም ሳይሆን፣ ፊቱ ሄጄ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ አባባ በመጨረሻ ምን አለ?»

«ተይኝ አንቺ ልጅ።»

«ምን አለ?»

ወደ ሚስቱ አየ። ሚስቱ ቀና ብለው «ንገራት» አሉት፤ ይህን ሲሉ እንደ ባዕድ ነበር ያዩት።

«ምንም አላለም» አለ አጎቴ። «ተኝቶ ነበር። እኔ ስገባ ተኝቶ ነበር፤ ሳይነቃ ነው የሄደ። ቁልፉ ራስጌው ላይ ነበር።» ቀጥሎም፣ ከዚያ በፊት ባልሰማሁት ድምፅ «አጠገቡ ቁጭ ብዬ ብዙ ጠበቅኩት፣ ይነቃል ብዬ። እንታረቅ ነበር» አለ።

አባቴ እኔን አልተወኝም ነበር። ማንንም አልመረጠም፣ ተኝቶ ነበር። ደስታው ደረቴን ሞላው፤ የአጎቴ የመጨረሻ ቃል ግን በዚያ ደስታ መሐል መግቢያ ፈልጎ አላገኘም። እንዲያገኝም አልፈለግሁም። እኔ በእነዚያ ሁሉ ሌሊቶች ያሰብኩትን እሱ በአንድ አረፍተ ነገር እንዲያወራርደው አልፈለግሁም።

«መኪናዋን እንግዲህ ወደ ግቢዋ መልሱ» አሉ አክስቴ።

«ባትሪዋ እኮ ሙት ነው» አለ ልብስ ሰፊው። «ኬብል ላምጣ?»

«አያስፈልግም» አልኩ። «ከተገፋች ትነሳለች። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ በግራ እግሬ የረገጥኩትን ፍሪሲዮን እለቅላታለሁ። ትንሽ ዞራ ብትመጣ ባትሪውም ነፍስ ይዘራል።»

አናጺው እጅጌውን መሰብሰብ ጀመረ።

«እርስዎ ወገብዎን ያምዎት የለም?» አልኩት። «ይቀመጡ። ጋሼ ይገፉኛል።»

አናጺው ወገቡን አሞት አያውቅም። ወደ አክስቴ አየ። አክስቴ ምርኩዛቸውን ወደ አጎቴ ቀሰሩና «ግፋላት እንጂ። አንተ አይደለህ ያቆምካት?» አሉት።

መንገዱን ተሻግሬ ኮፈኑን ዘጋሁ፤ ገብቼም መሪው ፊት ተቀመጥኩ። ወንበሩን ለቁመቱ ወደ ኋላ ስቦት ነበር፤ ወደ ፊት አመጣሁት። መስተዋቱንም ለዓይኔ አስተካከልኩ። በመስተዋቱ ውስጥ አጎቴ ጃኬቱን አውልቆ ለሚስቱ ሲሰጥ፣ ሚስቱም ሳይቀበሉት ሲቀሩ፣ አጥሩ ላይ ሲያንጠለጥለው አየሁ። ከዚያ ሁለት እጁን መኪናዋ ጀርባ ላይ አድርጎ ደገፈ።

መንገዳችን እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ ሜዳ ነው። አሮጊቷ ቀላል መኪና ናት፤ አንድ ጎልማሳ ከልቡ ከገፋት ከአጥራችን ጫፍ ሳትደርስ ትነሳለች። ጎማው መሽከርከር ጀመረ። ጎረቤቶች በየበራቸው ብቅ አሉ። ኬብል ያዋሱት ሰዎች ነበሩ፤ የነገራቸውም ሰው ሳይኖር ነገሩ የገባቸው ይመስላል፤ አንዱም ሊያግዘው አልወረደም። አጥራችን አለፈ። ፍሪሲዮኑን የምለቅበት ፍጥነት ደርሶ ነበር፤ በእግሬ ሥር ታወቀኝ። አለቀቅኩትም። ይልቅ ቀኝ እግሬን ፍሬኑ ላይ አሳረፍኩ፣ መኪናዋ እንዳትቆም፣ እንዳትሄድም ያህል።

«አሁንስ?» አለ ከኋላ፤ ትንፋሹ ተቆራርጧል። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

መስኮቱን ዝቅ አድርጌ አንገቴን በትንሹ አወጣሁ። ዳቦ ጋጋሪው ዱቄት በዱቄት ሆኖ ከሩቅ በሩ ላይ ቆሞ ያየናል።

«ትንሽ ይቀራል፣ ጋሼ» አልኩት፣ አክብሮቴን ሳላጓድል፤ እግሬንም ከፍሬኑ ላይ አላነሳሁም።